አንድ ሞተር ላይ ሆነን ለማውራት ስንት ብር እናውጣ? (ኢንተርኮም ለባልና ሚስት)

ዳዊ_ሞተር (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በዚህ ሰመር ስካይላይን ድራይቭን (የቨርጂኒያውን የተራራ መንገድ) ከጫፍ እስከ ጫፍ ልንሄድበት አስበናል፣ ማለቴ እኔ እነዳለሁ እሷ ከኋላ ትፈናጠጣለች። እስካሁን የምንግባባው በትከሻ ነው፤ አንዴ ከመታችኝ ቀስ በል፣ ሁለቴ ከመታችኝ ሽንት ቤት፣ ሶስቴ ከሆነ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን ስላልገባኝ ዳር ይዤ እጠይቃታለሁ። ሃይዌይ ላይ ደግሞ ብትጮህም አልሰማትም። ስለዚህ ኢንተርኮም (ሄልሜት ላይ የሚታሰረውን መነጋገሪያ) ልገዛ ነው ግን ዩቲዩብ ላይ ግማሽ ሌሊት አሳልፌ ጭራሽ ተምታታብኝ። አንዱ ሜሽ ካልሆነ አትንኩ ይላል፣ አንዱ ብሉቱዝ ይበቃል ይላል፣ ሌላው 15 ሰው ያገናኛል ብሎ ያስተዋውቃል። 15 ሰው ምን ላድርገው፣ ያለችኝ አንድ ሚስት።

የኔ ሄልሜት ሞጁላር ነው (አገጩ ወደላይ የሚከፈተው)፣ የሷ ፊቱ ክፍት የሆነው አይነት ነው። በጀት ለሁለታችን 400 ዶላር አካባቢ፣ ከዛ ካለፈ የማሳምነው ሰው አለ። ኔትወርክ በሌለበት ተራራ ላይ ይሰራል ወይ? እሷ ዘፈን እየሰማች እኔ ጂፒኤስ መስማት እችላለሁ ወይ? ጥንድ ሆናችሁ የምትነዱ ሰዎች መልሱልኝ፣ ብቻውን የሚነዳ ሰው ምክር ጠግቤያለሁ።

ሸዋ_በሞተር (አሌክሳንድሪያ)

ዳዊ ወንድሜ ጥያቄህን ራስህ መልሰኸዋል እኮ። አንድ ሞተር ላይ ናችሁ። ባንተ ሄልሜትና በሷ ሄልሜት መሀል አንድ ሜትር አይሞላም። ካርቶኑ ላይ 1.6 ኪሎሜትር፣ 800 ሜትር፣ 600 ሜትር እያሉ የሚጽፉት በሁለት ሞተር ተለያይቶ ለሚነዳ ሰው ነው፣ እሱም ሜዳ ላይ ምንም ሳይጋርዳቸው ሲተያዩ። ላንተ ርካሹም ውዱም ይደርሳል። የርቀቱን ብር ሌላ ነገር ላይ አውለው ነው የምልህ።

ሌላ ነገር ስልህ ስፒከርና ማይክ ማለቴ ነው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ምን መሰለህ፣ የተፈናጠጠችው ናት የባሰ ጩኸት ያለባት። አንተ ከፊትህ የንፋስ መከላከያው መስታወት አለልህ፣ እሷ ጋ የሚደርሰው ግን ከመስታወቱ በላይና ባንተ ትከሻ ዙሪያ አልፎ የተረበሸ ንፋስ ነው፣ ያውም ክፍት ሄልሜት አድርጋ። አንተ በ65 ማይል ጥርት አድርገህ የምትሰማው ስፒከር እሷ ጋ ሹክሹክታ ይሆናል። ስለዚህ ስትመርጥ ለሷ ጆሮ ብለህ ምረጥ፣ አንተ ትደርስበታለህ።

ኔትወርክ አያስፈልገውም። ሁለቱ እቃዎች በራሳቸው ሬዲዮ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው በቀጥታ የሚነጋገሩት፣ ስልክህ ጠፍቶም ይሰራል። (በስልክ ዳታ የሚያገናኙ አዳዲስ አፖችም መጥተዋል፣ እነሱ ተራራ ላይ ዋጋ የላቸውም።) ሙዚቃና ጂፒኤስም ችግር የለውም፣ ያንተ ስልክ ካንተ ኢንተርኮም ጋ፣ የሷ ስልክ ከሷ ኢንተርኮም ጋ ፔር ይደረጋል፣ እሷ ዘፈኗን ትሰማለች አንተ በቀኝ ታጠፍ ትባላለህ። ብዙዎቹ ላይ ስታወሩ ዘፈኑ ይቆማል ወይ ዝቅ ይላል፣ ሁለቱን ባንድ ላይ የሚያሰሙም አሉ፣ እሱን ከመግዛትህ በፊት አጣራ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ጠብ የሚያመጣው እሱ ነው።

ሞዴል ካልከኝ ለአንድ ሞተር የካርዶ ስፒሪት ኤችዲ ወይም ፍሪኮም 2ኤክስ፣ ወይም የሴና 5ኤስ። ሁሉም ሁለት ሰው ብቻ የሚያገናኙ ናቸው፣ ሁሉም ውድ የሚባሉት ውስጥ አይገቡም። ስፒሪት የሚባለው ኤችዲ ያልሆነው ስፒከሩ 32 ሚሊሜትር ነው፣ ኤችዲው 40 ነው፣ ለክፍት ሄልሜት ትልቁን ውሰድ። የተረፈህን ብር ለባለቤትህ ፊቱ የሚዘጋ ሄልሜት ግዛበት፣ ከየትኛውም ኢንተርኮም በላይ ድምጽ የሚያጠራው እሱ ነው።

ሜሪ_ሁለት_ጎማ (ዱባይ)

ሸዋ ያልከው ለዛሬ ልክ ነው ግን ሰው እኮ ዛሬ ከኋላ የተቀመጠች ሁሌ ከኋላ ትቀመጣለች ማን አለ? እኔም ከኋላ ነበር የጀመርኩት፣ አሁን የራሴ ሞተር አለኝ ባሌ የራሱ። የሁለት ሰው ኢንተርኮም የገዛ ሰው ሚስቱ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ቀን እንደገና ሊገዛ ነው። እኛ የካርዶን ፓክቶክ ኤጅ ነው የያዝነው፣ ሜሽ ነው። ጀበል ጀይስ ተራራን ስንወጣ መንገዱ እንደ እባብ ነው የሚጠማዘዘው፣ አንዱ ኩርባ ውስጥ ሲገባ ድምጹ ይቆረጣል፣ ሲወጣ እራሱ ይመለሳል፣ ምንም ቁልፍ አልነካም። በፊት በያዝነው ተራ ብሉቱዝ ግን በተቆረጠ ቁጥር ጓንት በለበሰ እጅ ቁልፍ ፍለጋ ነበር፣ መሪ ለቅቆ። እሱ ለኔ የደህንነት ጉዳይ ነው እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ሸዋ_በሞተር

ሜሪ ልክ ነሽ፣ ራሱ የሚመለሰው ነገር ላይ አልከራከርሽም። ግን ሜሽ ሜሽ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ዳዊ እንዲገባው ላስረዳ። ተራው ብሉቱዝ ሰንሰለት ነው፣ አንደኛው ከሁለተኛው ሁለተኛው ከሶስተኛው ተያይዞ ይሄዳል፣ መሀል ያለው ነዳጅ ሊቀዳ ከወጣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሜሽ ላይ ግን ሁሉም ከሁሉም ጋ ስለሚገናኝ አንዱ ቢወጣ ድምጹ በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል። ካርዶ በ2015 እ.ኤ.አ. ነው በፓክቶክ የጀመረው፣ ሴና በኋላ በራሱ መንገድ ተከተለ። አሁን አስቢው፣ ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ድምጹ በማን በኩል ዞሮ ይመጣል? ሶስተኛ ሰው የለም እኮ። ተራራው ከጋረዳችሁ ጋረዳችሁ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሞተር ሜሽ የሚሰጥሽ ያልሽው ራሱን መልሶ ማገናኘቱንና ረዘም ያለ ርቀት ነው፣ ለአንድ ሞተር ደግሞ ከነጭራሹ ምንም። ኤጁ ሲወጣ ነጠላው ወደ 390 ዶላር፣ ጥንዱ 700 አካባቢ ነበር። ዳዊ የሚያሳምነው ሰው አለኝ ብሏል።

ጎሃ_ጽዮን (አዲስ አበባ)

እናንተ ሰዎች ስለ ጀበል ጀይስ ታወራላችሁ አባይ በረሃን ያያችሁ አትመስሉም 😄 ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁለቱ፣ ከዛ ወደ ደጀን ያንኑ ዳገት፣ ኩርባው ላይ ከፊትህ ያለው ሞተር 50 ሜትር ርቆ እንኳ ገደሉ ከጋረደው ድምጹ ጭጭ ይላል። እኔና እጮኛዬ በሁለት ሞተር ነው የምንሄደው፣ የቻይና ኢንተርኮም ነው የያዝነው፣ እንደነ ኢጄያስ፣ ፍሪድኮን የመሳሰሉት በኦንላይን ያሉት ማለት ነው፣ ካርቶኑ 1200 ሜትር ይላል፣ እኔ ግን እሱን ቁጥር ለአስር አካፍለህ ተጠቀም ነው የምለው በተለይ ተራራ ላይ። ግን ደግሞ ዋጋውን ስታየው ከካርዶ በጣም ይረክሳል፣ ለኛ እዚህ ደግሞ ጉምሩክ አለ፣ የሚያመጣልህ ሰው መለመን አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በድምጽ የሚከፈት የሚባለው (ቮክስ ይሉታል) ነገር ላይ ተጠንቀቁ። ስታወራ ራሱ መስመሩን ይከፍታል ይባላል፣ ንፋሱም ሲጮህ ይከፍተዋል። በርካሾቹ ላይ ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ስትወጣ ያን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ መንገዱን ሙሉ ሹሹሹ ነው የምትሰሙት፣ ባትሪውም ያልቃል። ጥሩዎቹ ላይ በአፕ ስሜቱን መቀነስ ይቻላል። የማትችል ከሆነ አጥፍተህ በቁልፍ ክፈት። የማይኩ ስፖንጅ ደግሞ ትንሽ ነገር መስላ ዋናዋ እሷ ናት፣ ከጠፋች ተራ ስፖንጅ ቆርጣችሁም ቢሆን አስገቡ፣ ካለሷ አትንዱ። ማይኩ ከንፈር አጠገብ፣ ሊነካ ምንም አይቅረው።

ክረምት ላይ ለምትነዱ ደግሞ አይፒ67 የሚል ፈልጉ፣ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለግማሽ ሰአት የሚችል ማለት ነው። ርካሾቹ ውሃ ይችላሉ ብለው ይጽፋሉ ቁጥሩን ግን አይጽፉም። የቻርጅ ቀዳዳዋን ጎማ ሳትዘጉ ከወጣችሁ ግን ቁጥሩም አያድናችሁ።

ሳቅ_አታብዛ

ለምን ዝም ብላችሁ አትነዱም? ሰው ሞተር የሚገዛው ጸጥታ ፈልጎ አይደል እንዴ። እኔ ኢንተርኮም ገዝቼ የሰማሁት ነገር ቢኖር «ቀስ በል» ብቻ ነው፣ በኤችዲ ጥራት።

ዳዊ_ሞተር

ሃሃሃ ሳቅ አታብዛ የፈራሁትን ነው የነገርከኝ። ሸዋ አመሰግናለሁ በጣም ነው የጠቀምከኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና እያነበበች ነው፣ ስልኩን ስጠኝ እያለች ነው ቆዩ

ዳዊ_ሞተር

ሰላም፣ ሚስትየው ነኝ በሱ አካውንት ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ሶስት ጊዜ መምታት ማለት በርዶኛል ማለት ነው፣ ነግሬዋለሁ አልሰማም። አሁን የኔ ጥያቄዎች። ሹሩባ ስሰራ ሄልሜቱ ራሱ ይጠበኛል ስፒከር ሲጨመርበት እንዴት ነው የሚሆነው? የጆሮ ጌጤስ? ሁለተኛ እሱ ሲነዳ ከራሱ ጋ ያወራል ይዘፍናል፣ እሱን ሳላስቀይም መዝጋት የምችልበት ቁልፍ አለ ወይ? ሶስተኛ ሜሪ አንቺ ከኋላ ነበርኩ ስላልሽ ልጠይቅሽ፣ ክፍት ሄልሜት ላይ በእርግጥ አይሰማም ወይስ ሸዋ ሄልሜት ሊያስገዛኝ ነው?

ሜሪ_ሁለት_ጎማ

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ፣ የወንዶቹን ክርክር ተይው ስለ ጆሮ እናውራ።

ስፒከር ላይ ዋናው ትልቅ መሆኑ አይደለም፣ የጆሮሽ ቀዳዳ ትይዩ መሆኑ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ወደኋላ ከሄደ የገዛሽው ብር ሄደ በይ። ሄልሜቱን ሳታደርጊ በእጅሽ ጣት ጆሮሽ የሚያርፍበትን ቦታ ከውስጥ ዳስሺ፣ ብዙ ሄልሜት እዚያ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ ስፒከሩ እዚያ ገብቶ ጆሮሽን ነካ ያድርግ እንጂ አይጫን። አብሮ የሚመጣው ስፖንጅ የሚያስጠጋ ነገር አለ፣ ጎድጓዳው ጥልቅ ከሆነ ከኋላው ጨምሪበት። ሹሩባ ካለሽ ደግሞ ስስ ሹሩባ ወደ ኋላ የሄደ ይሁን፣ ጆሮ ላይ የሚያልፍ ወፍራም ከሆነ ስፒከሩን ገፍቶ ያንሸዋርረዋል። የሞከርሽው ጸጉርሽን ፈትተሽ ከሆነ ሹሩባ ስትሰሪ እንደገና አስተካክይ። ጌጥ አውልቂ፣ ሎቲም ቢሆን ትንሽም ቢሆን፣ አንድ ሰአት ካለፈሽ ራስሽን ነው የሚያምሽ። የአንገት ልብስ ወይ ነጠላ ካደረግሽ ደግሞ ጫፉን ጃኬት ውስጥ ክተችው፣ ማይኩ ላይ ሲርገበገብ እሱ የሚሰማው አውሎ ነፋስ ነው።

መዝጊያውማ አለ። ብዙዎቹ ላይ አንድ ቁልፍ ስትጫኚ ኢንተርኮሙ ይዘጋል ሌላኛው ጆሮ ላይ ቲን ይላል፣ ማለትም ያውቅብሻል። የራስሽን ድምጽ ዝቅ ብታደርጊው ግን አያውቅም 😉

ክፍት ሄልሜት ላይ መንደር ውስጥ በደንብ ይሰማል። ሃይዌይ ላይ ሸዋ እውነቱን ነው። እሱን ለማመን ተቸግሬ ነበር ግን እውነቱን ነው።

ናታንያ_ሞቶ (ናታንያ)

ሁላችሁም የረሳችሁትን ልንገራችሁ፣ ጆሮ መድፈኛ። አዎ ኢንተርኮም ስታደርጉም። ሰው ሲሰማው ያብዳል፣ ላወራ ገዝቼ ጆሮዬን ልድፈን? አዎ ድፈን። በሰአት 100 ኪሎሜትር ስትነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምጽ 100 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። የአሜሪካ የስራ ደህንነት ተቋም (ናዮሽ የሚባለው) በቀን ስምንት ሰአት 85 ዴሲቤል ነው ጣሪያው ብሎ ያስቀመጠው፣ ከዛ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰአቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ አስሉት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ነው። አሁን አንተ በዛ ጩኸት ላይ ሚስትህን ለመስማት ድምጹን ሙሉ ስትለቀው በምን ላይ ምን እየጨመርክ እንደሆነ አስብ። የስፖንጅ መድፈኛ ንፋሱን ይቀንሳል የስፒከሩ ድምጽ ግን ቅርብ ስለሆነ አልፎ ይገባል፣ እንደውም ቃላቱ ይጠራሉ። እዚህ በ90 መንገድ በሙት ባህር በኩል ወደ ኤላት ስንወርድ ካለሱ አንወጣም። አምቡላንስና ክላክስ ይሰማል፣ አትፍሩ። ግን ህጉ በየስቴቱ ይለያያል፣ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን ሄድሴት ክልክል ነው ይላል፣ የራሳችሁን ስቴት አንብቡ።

ሌላው፣ ሁለታችሁም አንድ ብራንድ ግዙ። ካርዶ የዚህ የኛ አገር ኩባንያ ነው ሴና የኮሪያ ነው፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው አልጣላም፣ ግን የአንዱ ሜሽ ከሌላው ሜሽ ጋ በቀጥታ አይነጋገርም። በብሉቱዝ ማገናኘት ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ አንደኛው ሌላኛውን ስልክ ነው ብሎ ስለሚያስበው የስልክ ቦታ ይይዛል፣ ከዛ ጂፒኤስ ጠፋብኝ ማለት ይመጣል። ጥንድ ሆኖ ባንድ ካርቶን የሚሸጠውን ከገዛህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ተጣምሮ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም ሁለት ነጠላ ከመግዛት ይቀንሳል።

እና ዳዊ ሄልሜትህን አይተህ ግዛ። አንዳንዱ ሄልሜት ለራሱ የተሰራ ቦታ አለው፣ ሾኢ ኒዮቴክ 2 ለምሳሌ ለሱ ተብሎ የተሰራ የሴና እቃ አለው፣ ሲገባ ያምራል ከውጭ አይታይም፣ ግን ሄልሜቱን ስትቀይር አብሮ አይሄድም። ሄልሜት ደግሞ ለዘላለም አይደለም፣ አምራቾቹ ራሳቸው አምስት አመት ሲሞላው ቀይሩ ነው የሚሉት። እኔ ከውጭ የሚታሰረውን እመርጣለሁ።

ሸዋ_በሞተር

ናታንያ ስለ መድፈኛው እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እዚህ ስናገር እብድ ነው የሚሉኝ። በዚሁ ላይ፣ ሄልሜቱን ለኢንተርኮም ብላችሁ ውስጡን ነጩን ፎም የምትቆርጡ፣ የምትቀዱ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ያ ፎም ነው ጭንቅላታችሁን የሚያድነው። ገመዱ ከጨርቁ ስር እንጂ ፎሙን ፍቃችሁ አይሄድም።

ሜሪ_ሁለት_ጎማ

ስለ ባትሪም አንድ ነገር። እዚህ ነሀሴ ላይ ሄልሜታችሁን ሞተር ላይ ሰቅላችሁ ፀሀይ ላይ ትታችሁ ከሄዳችሁ ባትሪው ነው የሚሞተው፣ ሊቲየም ሙቀት አይወድም፣ በተለይ እየሞቀ ቻርጅ ሲደረግ። ሱቅ ስትገቡ ሄልሜቱን ይዛችሁ ግቡ። የጎሃ ጽዮን ሰው ደግሞ ብርድ ላይ ነው፣ እዛ ባትሪው ቶሎ ያለቀ ይመስላል ሲሞቅ ግን ይመለሳል፣ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ሜሽ ከብሉቱዝ የበለጠ ባትሪ ይበላል፣ የሴና 50ኤስ በብሉቱዝ 14 ሰአት በሜሽ 9 ሰአት ነው የሚለው።

ዳዊ_ሞተር

እሺ ተግባብተናል። ሜሽ ቀረ፣ ጥንድ ብሉቱዝ ባለ 40 ሚሊሜትር ስፒከር፣ አንድ ብራንድ፣ የጆሮ መድፈኛ ለሁለታችን፣ የተረፈው ለሷ ሄልሜት። ስካይላይን ላይ ፍጥነቱ 35 ማይል ስለሆነ እዛስ ችግር የለም፣ የሚያስፈራኝ በ66 ሃይዌይ መሄጃው ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ማይኩ ሁለት አይነት ነው የሚመጣው፣ አንዱ በትር አለው አንዱ ገመድ ብቻ ነው፣ የቱ ለማን?

ሸዋ_በሞተር

በትሩ ላንተም ለሷም። ሞጁላርና ክፍት ሄልሜት ላይ በትሩ ነው። የገመዱ አገጩ ተጣብቆ የማይከፈት ሄልሜት ላይ ከውስጥ የሚለጠፍ ነው፣ ባለቤትህ እንደዛ ያለ ሄልሜት ከገዛች ያኔ ትቀይራለች፣ ሁለቱም ካርቶን ውስጥ አሉ አትጣላቸው። እቃውን በግራ በኩል እሰሩት፣ ቀኝ እጅህ ጋዝ ላይ ነው። ለጥፈህ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሄልሜቱን በአልኮል ጥረገውና ሌሊቱን አሳድረው፣ ወዲያው ለጥፈህ ከወጣህ 66 ላይ ታገኘዋለህ።

ጎሃ_ጽዮን

ዳዊ መቼ ነው ወደ አዲስ የምትመጣው? 😅 ለገና ከመጣህ አንድ ጥንድ አምጣልኝ፣ ብሩን እዚሁ ለዘመድህ እሰጣለሁ።

ዳዊ_ሞተር

ሚስትየው ነኝ። እሱ አይመጣም እኔ ነኝ የምመጣው፣ ለፋሲካ። የትኛውን ሞዴል እንደሆነና የሄልሜትህን አይነት ጻፍልኝ፣ ካርቶኑን አውጥቼ ነው የማመጣው ቦታ ይይዛል።

ጎሃ_ጽዮን

እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ፍሪኮም 2ኤክስ ጥንዱን፣ ሁለታችንም ፊቱ የሚዘጋ ሄልሜት ነው። ካርቶኑን ጣይው ግን የገመዱን ማይክ እንዳትረሺ።